ለዘይነባ ቤት የተቀመጥነው ለቅሶ

በኛ ጊዜ… በኛ ጊዜ ስል ደግሞ የንጉሡን ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ አሁንም በኛ ጊዜ ነው፣ አልሞትንም እኮ! በኛ ጊዜ ሰው ሊረዳ ሲነሳ መጀመሪያ የሚረዳውን ሰው ፊት ያያል። እናንተ ልጆቼ ተባረኩ፣ ደግ ነገር ጀምራችኋል፣ መሬት ተንዶባቸው ለተፈናቀሉት ልብስ ልንሰበስብ ነው ብላችሁ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ስትጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠኋችሁ። ግን ይሄን ደግሞ ማነው ያመጣው? ይሄን ተረከዝ ጫማ! መሬት ለከዳው ሰው ተረከዝ ጫማ? እኔ እዚህ ላፍቶ አስፋልቱ ላይ እንኳ በሸራ ጫማ እየተደናቀፍኩ! አትሳቁ! ሜሮን፣ አንቺ ነሽ አይደል? ወደ መሬት አትይ፣ አልቆጣሽም። ግን ቤት ያጣበበን ነገር ማውጣት ሌላ፣ መስጠት ሌላ።

ኑ እስኪ ተቀመጡ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ። መቅረጽም ከፈለጋችሁ ቅረጹ፣ ድምፄን ግን እንዳታሳምሩት፣ በላይነሽ እንዲህ አትናገርም ይሉኛል።

ዘይነባን ታውቋት የለ? በርበሬ የምታዘጋጀዋን፣ የከድርን ሚስት፣ የሹፌሩን። እሷ ማለት ምን መሰለቻችሁ፣ በዚህ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ቀድማ የምትደርስ፣ ልደትም ሲሆን ቀድማ፣ የእኔ ባል ያረፈ ጊዜ ታዲያ እናቴ የማታደርግልኝን ያደረገችልኝ እሷ ናት። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም፣ ግን አንድ ቀን «ያንቺ» «የኔ» ተባብለን አናውቅም። እና እጇ ሁልጊዜ ሰጪ ነው። መቀበል ግን? ወዮ! አታውቅበትማ! ቡና ቁርስ እንኳን ብትሰጧት «ጠግቤያለሁ» ነው። እኔ አንዳንዴ እበሽቅባት ነበር፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ጀነት የምትገቢው?» እላታለሁ፣ ትስቃለች።

ታዲያ ነሐሴ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እዚህ ሰማዩ እንዲሁ ጠብ ጠብ ነው ያደረገው፣ ከላይ ከእንጦጦ በኩል ነው የዘነበው፣ ለካ ውሃው እየመጣ ነው። ዘይነባ ወፍጮ ቤት ናት፣ ልጆቹ ቁርአን ቤት ናቸው፣ እሰይ እንኳንም ሆኑ! ወንዙ መጣና፣ የጭቃ ቤት አይደል፣ ያን ቤት አንድ ጊዜ ገፋው፣ ሁለተኛ ሲገፋው ሄደ። አልጋው ሄደ፣ ቁም ሳጥኑ ሄደ፣ የበርበሬው ጆንያ ሄደ። ወንዙ ቀልቶ ወረደ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ወደ ታች በኩል ያሉ ሰዎች ሲያስነጥሱ ዋሉ ይባላል፣ እሱን እንኳ አላየሁም፣ ግን ይሆናል። የቀረችው ከኋላ ያለችው ማዕድ ቤት ብቻ ናት። ልጆቿን ይዛ እዛች ማዕድ ቤት ውስጥ ገባች።

እና ሰፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ እንደ እናንተ። አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ፍራሽ፣ እኔ ደግሞ ድፎ ዳቦ ጋግሬ በትልቁ ሳህን ላኩላት። ብርድ ልብሱ ተመለሰ። ፍራሹ ተመለሰ። የኔ ሳህንም ተመለሰ፣ በላዩ ላይ ምን አለ መሰላችሁ? ሁለት እንቁላል! ባዶ ሳህን አይመለስም አይደል ወጋችን? ዳቦውን ለልጆቹ ቆርሳ፣ ቀሪውን ለቆሎ ተማሪዎች ሰጥታ፣ ያቺ ዛፍ ላይ ወጥታ የተረፈች አንድ ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ለኔ ላከች። ቤት የላት፣ አልጋ የላት፣ ለኔ ለሆዳሟ እንቁላል! ተናደድኩ። እንዲህ በነጠላዬ ሮጬ ሄድኩ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«እትዬ በላይነሽ፣» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ «በአላህ አትቆጪኝ። የኔ እጅ መስጠት እንጂ መቀበል አልለመደም። የሰው ፊት እሳት ነው። ዛሬ ብርድ ልብስ፣ ነገ ዱቄት፣ ከነገ ወዲያ ልጆቼ በሰፈሩ ‹የጎርፍ ልጆች› ይባላሉ። ከአይሱዙ ሹፌር ጋር ተነጋግሬያለሁ። የተረፈችውን ቆርቆሮና ልጆቹን ይዤ ወራቤ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

«ትልቋስ ልጅ? መስከረም ላይ እዚህ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ አይደል?»

ልጅቷ እዛው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ከድር እንኳን አያውቅም፣ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው፣ «እየነዳ አይደንግጥብኝ» ብላ አልነገረችውም። እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ዘይነባ የሌለችበት ሰፈር ለኔ ምኔ ነው?

ታዲያ እያለቀስኩ እያለ አንድ ነገር መጣልኝ። አሁን አስቡት፤ ይቺ ሴት እርዳታ አልቀበልም ትላለች። እሺ። ግን ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? ሐዘንተኛ ሰው «አትምጡብኝ፣ ንፍሮአችሁን ውሰዱ» ይላል? አይልም! ነውር ነው! ማንም አድርጎት አያውቅም!

በማግስቱ እሑድ የእድሩ ኮሚቴ ነበር። ሰብሳቢያችን ያኔ መቶ አለቃ መኮንን ናቸው፣ ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ ግን አሁንም ሲቀመጡ ጀርባቸው ወንበር አይነካም። እኔ ደግሞ ዕቃ ያዥ ነኝ፣ ድንኳኑም ድስቱም በኔ እጅ ነው።

«መቶ አለቃ፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት ለዘይነባ ላውጣ» አልኩ።

ብድግ! «ወይዘሮ በላይነሽ! ደንቡ ምን ይላል? የእድር ዕቃ የሚወጣው ለሞት ነው! ጎርፍ ሞት አይደለም! ዛሬ ለጎርፍ ካልን ነገ ለምርቃት ይሉናል!»

«መቼ ለጎርፍ አልኩ? ለለቅሶ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«የዘይነባ ቤት።»

መቶ አለቃ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ «ቤት… ቤት የእድር አባል ነው?» አሉ።

«ከእርስዎ በላይ ነዋ! እድሩ መሰብሰቢያ ሳይኖረው የት ነበር የምንሰበሰበው? እዛ ሳሎን አይደለም? እርስዎስ ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት እዛ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አይደለም? የዘይነባን ሳንቡሳ እየበሉ!»

እውነቴን ነው፣ በልተዋል። እሳቸውም ያስታውሳሉ። ጢማቸውን ዳበሱ፣ ዳበሱ፣ ከዛ ምን አሉ፣ «መልካም። ግን ለቅሶ ከተባለ ለቅሶ ነው! ሥነ ሥርዓት ይከበራል! ማንም እንዳይስቅ!»

ኦቦ ቱሉ ደግሞ አሉ፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ። እዚህ ላፍቶ ገበሬ የነበሩ፣ አባት አያታቸው እዚሁ ያረሱ ናቸው፣ ዛሬ ማሳቸው ላይ ፎቅ ቆሟል። «ጥሩምባውን ስትነፋ ‹የሞተው ቤቱ ነው› ብለህ ጨምር» አልኩት፣ እኩያዬ ነው አንተ ነው የምለው። «ኧረ በላይነሽ!» አለኝ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ስቀብር ኖሬ፣ ዛሬ ቤት ሞተ ብዬ ብለፍፍ ቱሉ አበደ ይሉኛል!» እና ምን አደረገ፣ በማለዳው ተነስቶ ጡ…ጡጡጡ! «የእድር አባላት! ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ለቅሶ አለ! ድረሱ!» አለና አለፈ። ይኸው ነው። ማን ሞተ፣ ምን ሞተ፣ የለም!

እናንተዬ! ሰው ጎረፈ። ነጠላ ያዘቀዘቀው፣ ሻርፕ የጣለው፣ ከብስራተ ገብርኤል ሳይቀር ሰምቶ የመጣ አለ። እኔ ድንኳን ስር ቆሜ አስተናግዳለሁ። አንዱ በጆሮዬ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ይለኛል።

«ቀብሩን ወንዙ ጨርሶታል፣ ግባና ተቀመጥ።»

አንዲት ሴትዮ ደግሞ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ትሰማኛለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከድር ነው የሞተው ብላ ወስናለች። ከመንገዱ ጀምራ «አንተ ዘንካታው! አንተ የሰው ሰው! ሞያሌ በላችህ ወይ!» እያለች ደረቷን እየደቃች መጣች። ሮጬ አፏን ያዝኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ሰውየው ደህና ነው! የሞተው ቤቱ ነው!»

«ቤቱ?»

«ቤቱ!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ እንባ ምን ላድርገው?»

«ለቤቱ አድርጊው! ጥሩ ቤት ነበር!»

አለቀሰችም! ኪ ኪ ኪ! ተቀምጣ ለቤቱ አለቀሰች፣ «አንቺ ሰፊዋ ሳሎን» እያለች። መቶ አለቃ ከወዲያ ይገላምጡናል፣ ሥነ ሥርዓት ፈረሰ ብለው።

ይሄን ጊዜ ዘይነባ ከማዕድ ቤቷ ወጣች። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተብን?»

አሁን እኔም ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ተደፋፍሬ «ቤትሽ» አልኳት።

«እትዬ በላይነሽ፣ ቀልድ ነው ይሄ?»

«ቀልድ አይደለም። ልጆችሽን የወለድሽበት ቤት ነው። እኔን ባሌ ሲሞት ያሳደርሽኝ እዛ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሄዶ አንዲት እንባ ሳይፈስለት ይቅር? አንቺ ባታለቅሺ እኛ እናለቅስለታለን። ለቅሶ የመጣ ሰው ይባረራል? ከሆነ አባሪን!»

ቆመች። አየችን። እኛም አየናት። እና ምን ትበል? ለቅሶ የመጣ ሰው እኮ ነው! መጥታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ከዛ እንባዋ መጣ። ጎርፉ ከመጣ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር ለካ። እኔም ጎኗ ተቀመጥኩና አብሬያት አለቀስኩ፣ ሰዉም ተራ በተራ እየመጣ፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ እስላሙ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላል፣ እሷ «አሚን» ትላለች። እርዳታ አይደለማ!

ከዛ እህሉ ገባ። ንፍሮው፣ ቂጣው፣ ቆጮው፣ የጉራጌ እናቶች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፣ በጎመን አይታሙም። ፍራሹም ተመለሰ፣ ለሐዘንተኛ መቀመጫ ተብሎ። ብርድ ልብሱም ገባ፣ ሐዘንተኛ አይበርደው ተብሎ። ዘይነባ ሳህን ልትመልስ ስትነሳ አየኋትና «ቁጭ በይ! የለቅሶ ቤት ሳህን ባዶውን ነው የሚመለሰው!» አልኳት። «ይሄ ደግሞ የት ያለ ወግ ነው?» አለችኝ። «የጥንት ነው» አልኳት። ምን የጥንት፣ እዛው ቆሜ ነው ያወጣሁት! ግን ተቀመጠች።

ታዲያ አሁን ጉዱን ስሙ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከድር ከሞያሌ ይመጣል። ሀይሌ ጋርመንት ሲወርድ የታክሲ ረዳቱ «ሰፈራችሁ ለቅሶ ነው፣ ዘይነባ የምትባል ሴትዮ ቤት ነው አሉ» አይለው መሰላችሁ! ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ መጣ። ያ ዘንካታ ሰውዬ፣ ድንጋይ የሚያክል ሰው፣ ገና ከድንኳኑ ሳይደርስ «ዘይነባዬን! ዘይነባዬን! ለማን ትተሺኝ ሄድሽ!» እያለ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ዘይነባ ከድንኳኑ ውስጥ ዘላ ወጣች። «አንተ ሰውዬ! ምን ሆነሃል? አለሁ እኮ!»

ቀና አለ። አያት። በሰው ፊት እጇን ይዞ የማያውቅ ሰው ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፣ ዳበሳት፣ እንደ ዓይነ ስውር። «ልጆቹስ?» አላት። «አሉ፣ ሁሉም አሉ።» «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

መቶ አለቃ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ቤትዎ ነው ያረፈው፣ አቶ ከድር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ከድር ዞረ። ቤቱ የነበረበትን ቦታ አየ፣ ወንዙን አየ፣ ማዕድ ቤቷን አየ። ከዛ እዛው ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። «ቤት ነው? ቤት ብቻ ነው? አልሃምዱሊላህ! ቤት ብቻ ነው!» እያለ ሳቀ። ዘይነባም ሳቀች። እኛማ ተንከተከትን፣ መቶ አለቃ ሳይቀሩ፣ ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እየሳቅን አለቀስን፣ እያለቀስን ሳቅን።

ሳቁ በረድ ሲል ኦቦ ቱሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ከድር፣ እኔ ላሞቹን ከሸጥኩ ወዲህ በረቱ ባዶውን ነው። ግድግዳው ደህና ነው፣ ከወንዙም ሩቅ ነው። ልጆቼ ቢለስኑት፣ መስኮት ቢያወጡለት ቤት ነው። ግቡበት» አለ።

ዘይነባ ወዲያው «ኪራዩ…» ብላ ጀመረች።

«ያ ዋቃ! በለቅሶ ቤት የኪራይ ወሬ?» አለ ቱሉ። ሰዉም ሁሉ «ነውር ነው! ነውር!» አለ። ዘይነባ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። «ለቅሶው ይውጣና እንነጋገራለን» ብቻ አለች። እኔ ታዲያ እንቅልፍ የለኝም። አይሱዙው በሦስተኛው ቀን እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እሷም አላስቀረችውም።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሊነሳ ነው፣ ጥቂት ሰው ብቻ ቀርቷል። ጥዋት ላይ ጲጵ! አይሱዙው መጣ። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ «የወራቤ ጭነት የማን ነው? ቶሎ በሉ፣ መንገዱ ይጨናነቃል!» እያለ ወረደ። ድንኳኑን ሲያይ ደነገጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ። የሰው ወግ ያውቃል ልጁ። ዘይነባ ራሷ ተነስታ እጁን አስታጠበችው፣ እህል አቀረበችለት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ የሰው እህል ስትበላ የነበረችው።

«ነፍስ ይማር» አለ ሹፌሩ እየጎረሰ። «ሟቹ ምንዎ ነው?»

«ቤቴ ነው» አለችው።

ጉርሻው አነቀው፣ ውሃ ሰጠነው፣ ኪ ኪ ኪ! በልቶ ሲጨርስ ዘይነባ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ። አልሄድም» አለች። ከድር ቀና ብሎ አያት፣ ትልቋ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ዘይነባ የሻርፗን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመረች፣ ለመጣበት ልትከፍለው። የሰው ውለታ አላስቀርም ባይ ናታ!

«ተዪ እናቴ» አለ ሹፌሩ። «ከለቅሶ ቤት ተቀብዬ መኪናዬ ይነሳል እንዴ?»

ሁላችንም እናውቃታለን። ይሄ ልጅ ጎረቤት አይደለም፣ የእድር አባል አይደለም፣ ነገ ለቅሶው ደርሳ የምትከፍለው ሰው አይደለም። እጇ ቋጠሮው ላይ ነው። እኔ እጇን ብቻ ነው የማየው። አሁን ትጨቀጭቀዋለች፣ ኪሱ ውስጥ ትከትበታለች፣ እንቁላል ትፈልግለታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቋጠሮውን መልሳ ቋጠረችው።

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ» አለች።

በቃ። ያቺን ነው የማልረሳላት። መስጠትማ፣ ልጆቼ፣ እኔም እሰጣለሁ፣ እናንተም ትሰጣላችሁ፣ ሰጥተን ደስ ብሎን ቤታችን ገብተን እንተኛለን። ዘይነባ ያን ጥዋት ያደረገችው ነው ከባዱ። እናም እናንተ ይሄን ልብስ ስትወስዱ እዛ የሚቀበላችሁ ሰው ያን ከባዱን እያደረገላችሁ መሆኑን እወቁ፣ ፎቶ ምናምን እያላችሁ አታሳቅቁት፣ እኔን ቁጣ ውስጥ አትክተቱኝ!

ምን አልሽ ሜሮን? ሹፌሩ? ባዶውን ተመለሰ ወይ ነው የምትይኝ? ምን ባዶውን ይመለሳል! መቶ አለቃ መኪናውን ሲያዩት ዓይናቸው በራ። «ጎረምሳው! ወራቤ ከቀረ ጭነት አለን!» ብለው ጮኹ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ሁሉንም ጭኖ እዚህ ዕቃ ቤት ድረስ አመጣልን። እና ዘይነባ ጋቢና ውስጥ ገብታ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ፣ ዕቃ እንዳይሰበር ቀስ በል እያለች ስትቆጣው መጣች፣ ኪ ኪ ኪ ኪ!